የኋላ ወንበር

ጠባሴ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ ከላሜራው ሳይለቅ፣ አሰግድ ሚኒባሱን አስገባ።
«ጋሽ ደምሰው፣ የኋላው ወንበር ጉድ አረገኝ፤ ወደቀ፤
ጣርማበር ጠመዝማዛው ላይ እግሩ ከነብሎኑ ወለቀ።»

በመዶሻ፣ በናፍጣ፣ ዝገቱን ለምነን ነቀልነው።
ከስፖንጁ ሆድ እጄን ሰድጄ ያገኘሁት ይኸው፦
ጥቂት የስንዴ ፍሬ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ፣ ያልተመለሰ መልስ፣
ቀጠሮው ያለፈ የክሊኒክ ካርድ።
ጋሽ ደምሰው ካርዱን ጠረገና
መስኮቱ ላይ ሰካው፣ ባለቤቱ እስኪደርስ።

«ለስንት ሰው ይሁን?» አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
«ለሦስት» አለ አሰግድ፣ ቶሎ፤
ረዳቱ ክንዴ ሳቁን ዋጠ፣ ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ።

ጋሽ ደምሰው ቃል አልተነፈሰ። ከቁርጥራጩ ክምር
ስኩዌር ብረት መረጠና፣ መሐል ላይ ሌላ እግር
በየደ፤ ያልታዘዘ፣ ሂሳብ ውስጥ የማይቆጠር።
እኔ ፊቴን አዙሬ፣ ምስማር በጥርሴ ነክሼ፣
ሰማያዊውን ሸራ ወጠርኩ።

ማታ ከመናኸሪያው በር ክንዴ ሲጮህ ሰማን፦
«ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! የኋላው ተሠርቷል፤ አምስት ይይዛል አሁን!»
ጋሽ ደምሰው አልሳቀም፤
የተረፈውን ኤሌክትሮድ ይቆጥራል፤ ቀና አላለም።