አምስት ደቂቃ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማርቆስ መናኸሪያ፣
ጥሪው ተደባልቆ፣ ቅውጥ ያለ ገበያ፤
«ቡሬ! ኮሶበር! ዳንግላ! የቀረ!»
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የሾፈረ
አባቴ ባይለየኝ፣ ትኬት ሲቆርጥ አፈረ።

«አንቺ መስኮቱን ያዢ፣ እኔ ምን አያለሁ?
ጉድጓዱን ሳይቀር በስሙ አውቀዋለሁ፤»
አለና ቆቡን ግንባሩ ላይ ጣለ፣
የተኛ መስሎ፣ «ማርሽ ቀንስ» እያለ።
ልጁ ጠማማው ላይ ፍሬን ሲይዝ ዘግይቶ፣
ወለሉን ይረግጣል የአባቴ እግር በርትቶ።

ጮቄ በቀኛችን ደመና ተንተርሶ፣
ሜዳው እስከ ግርጌው የኑግ ቢጫ ለብሶ፤
«እይ እንጂ» ስለው፣ «አየሁ» አለኝ መልሶ፣
ዓይኑ እንደተጨፈነ።

ደምበጫ ላይ ለቁርስ ዐሥራ አምስት ደቂቃ፤
ዱለት ይንጫጫል በጥቁር ሸክላ ዕቃ።
እንዬ አባቴን አይታ ጭልፋዋን ጣለች፣
«ባይለየኝ፣ አንተ ነህ? ጡሩንባህስ?» አለች።
«ያኔ ከቁልቁለት ጡሩንባህ ሲሰማ
ድስቴን እጥድ ነበር ሳትገባ ከተማ።»
ሂሳብ ብናወጣ «በጊዮርጊስ!» አለች፣
ለመንገድም ብላ ዳቦ ጠቀለለች።

ፍኖተ ሰላምን በመስኮት ቀመስናት፤
ብርቱካን በሳፋ፣ አራት በሃምሳ ገዛናት።
ልጣጩን አባቴ ኪሱ ውስጥ ጨመረ፣
«መንገድ አይቆሸሽም» ሲል ጎረምሳ መከረ።

ቡሬ መግቢያው ላይ ጎማ ተነፈሰ፣
ረዳቱ ጋሻነህ ክሪክ ሊያወርድ ጣራ ላይ ደረሰ።
አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ፤
ወገቡ ነው እንጂ እጁ መቼ ካደ!
እኔ መንገድ ዳር ላይ እሸት አስጠብሼ፣
አንዱን ለሱ አቆየሁ፣ ሁለቱን ጨርሼ።
«ብላ» ብዬ ስሰጠው፣ እጁ ግሪስ ነበር፤
እኔ ቆረቆንዳውን ይዤለት፣ እሱ ይግጥ ጀመር።

ከጥሊሊ ወዲያ ጉም ዝቅ እያለ መጣ።
«ዘንገና እዚህ ጋ ነው» አልሁት በለሆሳስ፣
«አውቃለሁ» አለኝ፣ ሳይንቀሳቀስ።
«ውሃውስ ምን ይመስላል?»
ዝም አለ። ቆቡን አወለቀ።
«ሰው አወርድ ነበረ፣ ሰው እጭን ነበረ፣
ውሃውን አላየሁም፣ ሰዓት እያጠረ።
ከአስፋልቱ ዳር በእግር አምስት ደቂቃ ነው አሉ፤
አምስት ደቂቃ ብቆም ሰዎች ይቆጣሉ።»

ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ተነሥቶ ኖሯል፣
ራሱ የአውቶብሱን ጣራ ሊነካ ደርሷል።
ያን ቃል ከኋላው ሲሰማ የኖረ፣
አንድም ቀን ያላለው፣ ድምፁ ተሰበረ፦

«ወራጅ አለ!»

ረዳቱ «ገና ነን፣ ጋሼ! ኮሶበር ነው» ሲለው፣
«የቀረውን መንገድ መርቄሃለሁ፣ ተወው።»

ሣሩ ጤዛ ይዟል፣ ጫማችን ረጠበ፤
አንድ ፈረስ ቆሞ ሁለታችንን ታዘበ።
ከዛፎቹ መሐል ዳገቱ ሲያበቃ፣
ከሥራችን ያለው ውሃ ዓይኑን ገልጦ ነቃ።
ክብ። ዝም ያለ። ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ።

አባቴ ሁለት እጁን በአየር ላይ ዘረጋ፣
ክቡን ከዳር እስከ ዳር ሊይዘው ፈለገ።
«መሪ ነው የሚመስል፤
የትም ግን አይሄድም» አለ።

ሁለት ልጃገረዶች ድንች ቀቅለው መጡ፣
በቅጠል ቆንጥረው ዳጣ ጨምረው ሰጡ።
የእንዬን ዳቦ ቆረስን። ዳጣው አስለቀሰን፤
እሱን ያስለቀሰው ዳጣው ይሁን አይሁን
አልጠየቅሁም።

በላይ፣ በአስፋልቱ፣ አንድ ጡሩንባ ጮኸ።
አባቴ ጆሮውን ወደዚያ አቅንቶ፣
«የባሕር ዳሩ ነው፤ ዘግይቷል» አለኝ፣
ሁለተኛውን ድንች እየላጠ።