የጎሚስታው ጦስኝ

ጌጡ ከመሃል ሜዳ፣ ድንች ጭኖ ሲወርድ፣
ኮፍያው ውስጥ ይዞልኝ፣ ከነአፈር ከነብርድ፣
አንዲት ጭብጥ ጦስኝ።
«እንካ፣ ለሳልህ» አለኝ፣
«ትከላት፤ ስትበዛ ትጠጣታለህ።»
የፈነዳ ጎማውን ለጥፌ ሸኘሁት፤
ሂሳብ አልጠየቅሁት።

አዳማን ለሚያውቃት፣
በዋንጂ መውጫው በኩል፣ ነፋስ አፈር የሚቆላባት፣
ቆርቆሮው በቀትር እንደ በቆሎ የሚንጣጣባት፣
አቧራ በጅራቱ ቆሞ የሚሽከረከርባት፣
እዚያች ናት የእኔ ጎሚስታ ቤት።
ውርጭ ለለመደች ቅጠል ይሄ ምን ሀገሯ ነው?

ፈራሁላት።
ጠዋት በጣሳ፣
ቀትር በጣሳ፣
ማታም ሱቄን ዘግቼ አንድ ጣሳ፤
ፍግ ከምሬላት፣ ጆንያ ጋርጄላት፣
ራሴ እየሳልኩ «አይዞሽ» እያልኳት፣
በአስራ አንደኛው ቀን ጠቁራ አገኘኋት።
ሳብ ባደርጋት ሥሯ እንደ ሊጥ ለቀቀኝ።
በዚህ ሐሩር መሃል፣ በዚህ ሁሉ ጠኔ፣
ውሃ ነው የገደላት፤ ያውም በእጄ፣ በእኔ።

ጌጡ ሁለተኛ አመጣ። እሷም አልከረመች።
በሦስተኛዋ ኦቦ ቦንሳ ደረሰ፣
ገረጋንቲ ጫኙ፤
ውሃችን ባጠየመው ጥርሱ ሳቀብኝና
«ይቺ እኮ የገደል ልጅ ናት» አለ፤
«ድንጋይ ስጣት።
ውሃውን አንተ ጠጣ።»

ያበቃለት የሲኖትራክ ጎማ ጎኑን በስቼ፣
ከቦንሳ መኪና የተራገፈ ቀይ ጠጠር ሞልቼ፣
ከላይ ጥቂት አፈር፣ ዙሪያውን ኖራ ቀብቼ
(ጥቁር ጎማ ፀሐይ ጠጥቶ አይጠግብም)
የከሰዓት ጥላ ከሚደርስበት አኖርኳት፤
በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይነጋ፣ አጠጣኋት።

እጄ ግን አላረፈም።
ነፋሱ ባፏጨ ቁጥር ይነሳል፣
ቅጠሏ ባጎነበሰ ቁጥር ወደ ቧንቧው ይጎትተኛል።
በመጨረሻ ጣሳውን ከራሴ ደበቅሁት።

መጋቢት አለፈ። ሚያዝያ አመድ አስመሰላት፤
ሄደች ብዬ ተውኳት።
ግንቦት ላይ ቸርኬ ልፈታ ጎንበስ ስል
ከናፍጣው፣ ከተቃጠለው ላስቲክ ሽታ መሃል
አንድ ስለት የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ፤
ከጠጠሩ ጥግ፣ የስፒል ራስ የምታህል፣
ሐምራዊ አበባ።

ጌጡ መጣ። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁለት።
አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው።
«የኛ አገሩ እንዲህ አይፋጅም።
ምን እያበላሃት ነው?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳሌ ቀደመኝ።
ጣሳውን ደግሞ
የት እንደደበቅሁት
ጠፍቶብኛል።