ልስልሱ ብሎን

አባቴ ከሞተ በሦስተኛው ጥቅምት ላይ፣
የጋራዡን በር ገፋሁት፣ ምን እንዳለ ላይ።
ከድንች ጆንያ ሥር፣ ካሮጌ መረብ ጋራ፣
ተኝቶ አገኘሁት ያን ብርቱካን አውራ፤
በረዶ የሚበላ፣ በረዶ የሚተፋ፣
ዛሬ ዝገት ብቻ ከአፉ የሚደፋ።
አይጥ ጎጆ ሠርታ ከማስወንጨፊያው ሥር፣
የአባቴን ጓንት ተርትራ፣ ክር በክር።

ወንድሜ ሬዣን ከከተማ ደውሎ፣
«ለቁራሌው ስጪው» አለኝ ተቻኩሎ።
እሱማ ምን አለበት! የደጁ ጠራጊ
ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እኔ ነኝ ተዋጊ፣
ከሴንት ሎራን አፍ የነፈሰው ሲቆለል፣
ከደጄ እስከ መንገድ ወገቤን ሲያክል።

መጀመሪያ ቤንዚኑን ከሆዱ አፈሰስኩ፤
እንደ ከረመ ቫርኒሽ ሸተተኝ፣ አነጠስኩ።
በመጨረሻ ብርዱ እሱ የሞላው ነው፤
እጁ ያስገባውን እጄ ነው ያወጣው።
ካርቡራቶሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ በተንኩት፣
የቀብር ማስታወቂያ ገጽ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤
ከመርፌ ዐይን የጠበበ ቀዳዳውን
በጊታር ክር ጎረጎርኩ፣ ሌሊቱን።
ካንዴላው ከስሏል፣ ቺንጋው ተሰንጥቋል፣
አንዱ ዳዶ ደግሞ ከብረቱ ተዋህዷል፤
ዘይት አጠጥቼ ተውኩት እስኪነጋ ቀኑን፤
ጠዋት መዶሻ ቀምሶ ተወ ግትርነቱን።

ጎረቤቴ ኦዚያስ፣ ሰማንያ ያለፈው፣
በሩ ላይ ቆሞ ነው ሁሉን የሚተቸው።
«እንዲያ አይደል፣ ጋኤታን! ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!»
ፒንሳ አያቀብልም፣ አይተወኝ እንድሠራ።
የአባቴን፣ የሉድጄርን ስም ግን ድንገት ሲያነሣ፣
ኮፍያውን ያወልቃል፤ አንድ ቀንም አይረሳ።

ዘንጉ ጋ ስደርስ ነው፣ ምላጩ ሲፈታ፣
ነገሩ የገባኝ፤ ተቀመጥኩ ላንድ አፍታ።
እዚያ መግባት ያለበት ልስልስ ብሎን ነበር፣
ማሽኑ ድንጋይ ሲነክስ ቀድሞ የሚሰበር፤
እሱ ተቆርጦ ነው ማርሹ የሚተርፈው፤
ሳንቲም የሚያወጣው ነው ሺውን የሚደግፈው።
አባቴ ግን ሰልችቶት በየሳምንቱ መቀየር፣
ድፍን ብረት አስገባ፣ ጨርሶ የማይሰበር።
እውነቱን ነው።
ብሎኑ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።
ማርሹ ግን አንድ ጥርስ የለውም።

ራሱም እንዲያ ነበር። «ብርድ ነው» እያለ
ደረቱን እያሸ፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ፣
አካፋ ይዞ ወጣ። ግማሽ መንገድ ጠርጎ፣
ወድቆ አገኘነው፣ አካፋውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ።

ያን ብሎን በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት፤
አልጣልኩትም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት።
ማርሹ ከኦዚያስ ጓሮ፣ ከሌላ ሬሳ ተነቀለ፤
«ዋጋው ስንት ነው?» ብለው፣ «የኔንም ደጅ ጥረጊ» አለ።
ከዕቃ ሱቁ ልጅ አሥራ አንድ ገዛሁ ልስልሱን፤
«ቶሎ ይሰበራል» አለኝ። «ለዚያ ነው» አልኩት። ሰጠኝ መልሱን።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ሰማዩ ዱቄት ነፋ፤
ገመዱን ሳብኩ፣ ዝም። ደግሜ ሳብኩ፣ ጢስ ተፋ።
በሦስተኛው ጮኸ፣ ጉሮሮው ተከፈተ፤
ከጣራው ላይ ያደረው ቁራ ሁሉ ሸፈተ።
በቅስት እየወጣ፣ ካጥሩ ወዲያ ማዶ፣
እንደ ገለባ በነነ ያ ሁሉ በረዶ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ አባቴ በወደቀበት፣
የተቀበረ ግንድ ነከሰና ቀጭ! አለበት።
ሞተሩ ይጮኻል፣ ምላጩ ግን ቆመ፤
ኦዚያስ በመስኮቱ ራሱን ይዞ ቆዘመ።
እኔ ግን ሳቅሁ። ጮክ ብዬ። ብቻዬን።
ተንበርክኬ ዳሰስኩት፣ አውልቄ ጓንቴን፦
ብሎኑ ለሁለት ተቆርጧል፤ ማርሹ ደህና ነው።

ከኪሴ ሌላ አወጣሁ።
ዘጠኝ ቀርቶኛል።
ክረምቱ ገና ነው።