ልምምድ

ቻታኑጋ፣ የጥር ሐሙስ፣ ማታ፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቱቦ ጫጫታ፣
አራት የካውያ ጠረጴዛ ገጠምን፣ አንዱን ካንዱ አያይዘን፤
ይህ ባንኮኒ ነው ተባባልን፣ የማይመጣ ምሳ አዘን።

በሃርገን መደብር ክር እንገዛለን፤ ማበጠሪያ፣ ጫማ፣ መጋረጃ፤
ዶላራችን ከነሱ ዶላር ጋር ባንድ መሳቢያ ተቃቅፎ ያድራል፤
እኛ ግን ከዚያች ከምትሽከረከር ቀይ በርጩማ
አንዲት ደቂቃ ብናርፍባት፣ ሰማይ ይደፋል።

ሚስ ኦልዶኒያ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳትነቅል፣
"እጅ ከጠረጴዛው ላይ" አለች፤ "ዓይን ቀጥ ይበል፤ ምላስ አይመልስ ቃል።
ብትመልሱ፣ ነገ በጋዜጣ የሚወጣው ቡጢያችሁ ነው፤
በርጩማዋ ተረስታ ትቀራለች፤ የመጣነው ለእሷ ነው።"

አላመንኳትም። ዓመቴ አሥራ ዘጠኝ፣
አባቴ ከባቡር ጣቢያ ስድብ ተሸክሞ ሲገባ እያየሁ ያደግሁ ነኝ።
"ለመቺ ካልመለሱለት" አልኳት፣ "ዱላው ይጣፍጠዋል።"
"ይጣፍጠው" አለችኝ። "ሆዱን ሲቆርጠው ያውቀዋል።"

ድምፄ ወፍራም ነውና የደረሰኝ የመቺው ቦታ ነበር፤
ሮስኮ፣ አብሮ አደጌ፣ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጠኝ እንደ አጥር።
ጨው በተንኩበት። የቆሙት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መጀመሪያ።
ከዚያ ስድቡ መጣ፤ አላሻውም አስተማሪ፣ አላሻውም ማብራሪያ፤
አባቴ ላይ የወረደው ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ከነቃናው፣
እንደ ዳዊት በልቤ ተጽፎ ኖሮ፣ አንደበቴ አነበነበው።

ጣፈጠኝ።
ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ክንዴ ጋለ፣ ቁመቴ ረዘመ፣
እጄም፣ ማንም ሳያዘው፣ ከሮስኮ ጉንጭ ላይ ጮኸ፤
ቤቱ ፀጥ አለ፤ ቱቦው ብቻ አጉረመረመ።

አልተነሣም።
እጁ ከጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ጨው ከቅንድቡ እየረገፈ፣
አንገቱን ዞር አድርጎ አየኝና
"ሉሼስ" አለኝ፣ "እጅህን አመመህ?"

ቢመታኝ እኮ እንታገል ነበር፤ ሰው መጥቶ ይገላግለናል፤
ቡጢ ዕዳ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ነገሩ ይዘጋል።
ያልተመለሰ ጥፊ ግን ከመቺው ጋር ቤት ይገባል፣
ራት ይቀርብለታል፣
ትራስ ይጋራል።

ቅዳሜ ሄድን፣ ስምንት ሆነን። እናቴ ክራባቴን አሰረችልኝ፤
ሁለቴ ፈትታ ሁለቴ አሰረች፤ ምንም አላለችኝ።
ከኋላዬ አንድ ልጅ ቆመ፣ ጉንጩ ጠቃጠቆ የተዘራ፣
የሰናፍጭ ጠርሙስ ይዞ፣ ጓደኞቹን ዞሮ ዞሮ እየጠራ።
ከባንኮኒው ማዶ መስታወት አለ፤ ፊቱን በዚያ ውስጥ አየሁት፤
ሐሙስ ማታ የለበስኩት ፊት ነው። አወቅሁት።
ክንዱ እንደጋለ አወቅሁ፣ ቁመቱ እንደረዘመለት፣
ማታ ብቻውን፣ አልጋው ላይ፣ እንደሚያጥርበት።

ያልመታሁት ለዚህ ነው እንግዲህ፣ ምክንያቱን ለጠየቃችሁት።
ፍርሃት አልነበረም አልልም፤ ነበረ፤
ጉልበቴን ከበርጩማዋ እግር ጋር አቆላልፌ ያዝኩት።
ጽድቅም አይደለም። ሮስኮ ያን ቀን አንድ ጥርሱን ትቶ ወጣ፤
አንድ ጥርስ የሚያህል ክርክር እኔ እስከ ዛሬ የለኝም።
ብቻ፣ ልመታው ብነሣ ማንን እንደምመታ
መለየት አቃተኝ።

አስተናጋጇ ባንኮኒውን ወለወለች፤ እጃችን ዘንድ ስትደርስ
እንደ ሳህን ዞረችን፤ ዓይኗን አላነሣችም፤ ጨርቋ ግን ዘገየ።

በሳምንቱ መደብሩ በርጩማዎቹን በመፍቻ ነቀላቸው፤
ከእናንተ ጋር ከመቀመጥ መቆም ይሻላል ማለታቸው።
ወለሉ ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ቀረ፣ አራት አራት ቀዳዳ፤
ነጩም ያን ሰሞን ቆሞ በላ፣ በገዛ ቤቱ እንደ ባዳ።

ኋላ መልሰው ተከሏቸው። ተቀመጥን።
ሳንድዊቹ ደረቅ ነበር፤ ሮስኮ ባንድ ወገን አኘከው።

ሮስኮ ከሞተ ቆየ። እኔ ሰማንያውን አለፍኩ።
ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀኝ መዳፌ ይጠዘጥዘኛል፤
ሐኪሙ ሪህ ነው ይለኛል።
እሺ እለዋለሁ።