በሩ ለምን ጠመመ

የሰው ቤት ስነድፍ ሃያ ዓመት ኖሬ፣
ለራሴ ደረሰኝ ሁለት መቶ ካሬ፤
ዘንዘልማ መውጫ ላይ፣ ከአስፋልት ገባ ብሎ፣
ዋልካው በመጋቢት አፉን ከፍቶ ውሎ፣
ነሐሴ ሲመጣ ጫማ የሚያስቀር፤
ሐይቁ የማይታይበት፣ ሽታው ግን የማይቀር።

ወረቀት ዘረጋሁ፣ እርሳሴን ቀረጽኩኝ፣
ከትልቁ ሆቴል ሣር ምንጣፍ ሰረቅኩኝ፤
ከዋናው ጎዳና ዘንባባ ስድስት፣
በግራና በቀኝ፣ እንደ ዘብ ሠራዊት፤
መሐል ላይ ፏፏቴ፣ ትንሽ ጢስ ዓባይ፣
ውሃ ማክሰኞ እንጂ በማይመጣበት ሰፈር ላይ።

ትሁኔ አየችና፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣
የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣች ደጅ ድረስ።
ጠዋት ሦስት ሰዓት በምሥራቅ ተቀመጠች፣
ፀሐይ ስትደርስባት ብድግ ብላ ለወጠች፤
ሰባት ሰዓት ሲሆን ከግድግዳው ሥር፣
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን መድረሻ አልነበር።
የምዕራቧ ፀሐይ በሳሎን መስኮት ገብታ
ሶፋውን ስትጠብስ፣ ቴሌቪዥኑን ስትመታ፣
ትሁኔ በአመድ ምልክት አደረገች፤
«የሚያስፈልገን ዛፍ እዚህ ጋ ነው» አለች።

«ዘንባባህ ቁመት ነው፣ ጥላው ለጎረቤት፤
ሣርህም ጥማት ነው፣ የጀሪካን ጠላት፤
ማንጎ ጓሮ ይሁን፣ ከአጥሩ ፈቀቅ ብሎ፣
ከሰው ያጣላናል ፍሬው ማዶ ውሎ፤
ፓፓያ ከእቃ እጣቢ ድርሻዋን ትጠጣ፣
ዓመት ከመንፈቅ ነው ፍሬዋ እስኪመጣ፤
ጤና አዳምና ጌሾ ከኩሽናው ደጃፍ፣
ሎሚ መስኮቱ ሥር፣ ሌባ በእሾኹ ይጠለፍ።»

ተከራከርኩ ትንሽ፣ ማኅተም አለኝ ብዬ፤
ወረቀቴን አጥፌ ሄድኩኝ ተከትዬ።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ችግኝ የምትሸጠው
ወይዘሮ የውብዳር፣ ጣቷን ጭቃ የዋጠው፣
ቡገንቪላ ስላት ቀና ብላ አየችኝ፣
«አጥርህ ስንት ሜትር ነው? ልጅስ አለህ?» አለችኝ።
«እሾኽ አለው፣ ስማኝ። ያ ሮዙ ደግሞ መርዝ፣
የሚድህ ልጅ አፍ ገብቶ የሚያደነዝዝ።
እምቦጭም ያብባል፤ ማን ይደርሳል በመልኩ?
ዓሣ አጥማጁን ጠይቅ፣ ይንገርህ እንደ ልኩ።»

ሐምሌ ላይ ተከልን።
ከደረደርነው ውስጥ ሦስቱን ፍየል ጋጠው፤
ሎሚውን ጎርፍ ወሰደው፣ ጌሾውን ምስጥ ቆረጠው።

ግን አንድ ቀን በማለዳ፣ በሩ በሚቆምበት ቦታ፣
አመዷና ኖራዬ ከተገናኙበት፣ ሁለት ቅጠል አውጥታ፣
ማንም ያልገዛት፣
ማንም ያላጠጣት፣
ወፍ በልታ የጣለቻት
ዋንዛ።

የብረት በሩ ግን ተበይዶ አልቋል፤
ምንይችል በጋሪ ጭኖት ደጅ ደርሷል፤
«ለሁለት ቅጠል ነው? እኔ ልንቀላት» አለ።
ትሁኔ ወንበሯን አመጣች።
ከችግኟ አጠገብ ቁጭ አለች።
ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ሜትሬን ዘረጋሁና ኖራዬን አጠፋሁ፣
ሁለት ሜትር ከአርባ በሩን ወደ ደቡብ ገፋሁ።
ምንይችል ሳቀብኝ፤ ሒሳብ ጨመረብኝ።

ይኸው ሰባት ዓመት።
እንግዳ ሲመጣ፣ ከመንገዱ ዞሮ፣
«በሩ ለምን ጠመመ?» ይላል ተቸግሮ፤
ባለ ባጃጁም ሲገባ አጥሩን ይረግማል፣
(መኪና የለኝም፣ እኔን ምን ይጎዳል?)
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ያቺ ጋራፊ ፀሐይ
በቅጠል ተወንፍታ ትንጠባጠባለች ግድግዳው ላይ።
ነጭ አበባዋ ሲፈነዳ ንቡ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤
ፍሬዋ ሲበስል፣ ጣቱ በሙጫዋ የተጣበቀ ልጅ አይጠፋም ከደጃችን፣ ከእጃችን፤
ያ የፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሩ ተሰብሮ
በግንዷ ተደግፏል፣ እንደ ሽማግሌ አቀርቅሮ።

ወረቀቴ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ አለ፤
ስድስት ዘንባባዎች፣ አንዱም ያልበቀለ።