ከበቆሎ የተፈተለ

ኦትማር፣ ዛሬም ወጣች፣ ከማረሻው ጥርስ ላይ፣
መዳፍ የምታህል፣ የድሮ ላስቲክህ፣ ጭቃ ለብሳ ብታይ።
ሠላሳ አራት ዓመቷ፤
ጥርት ያለ ነው መልኳ፣ አልተበላም ጫፏ፣ አልላላም ጅማቷ።
አንተን ከቀበርን እነሆ ስምንት ዓመት፤
መስቀልህ ዘመመ፣ ስምህን ሸፈነው የድንጋይ ላይ ሽበት።
እሷ ግን ደህና ናት።

ፎልከር ልጅህ መጣ፣ ጥር ሊወጣ ሲል፤
ጥቅል ጨርቅ ጭኖ፣ የሐኪም ቤት ሻሽ ነው ላየው ሰው የሚመስል።
«እማ፣ ከበቆሎ ነው የተፈተለ» አለኝ፤
«ሥራውን ሲጨርስ አፈር ይበላዋል።» ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩኝ።
በቆሎ ለዶሮ፣ በቆሎ ለከብት፤
ለብርድ ልብስ ሲሆን ገና ያን ቀን ሰማሁት።
ዋጋውን ጠየቅሁ። ነገረኝ። ዝም አልን።
በዚያው ገንዘብ ላስቲክ ሦስት ማሳ ባለበስን፤
አንዱን ብቻ አለበስን፣ እሱንም ከዳር ከዳር ቆጥበን።

የካቲት አጋማሽ፣ አፈሩ ጣት ሲያደነዝዝ፣
ዶይና ከሮማንያ በአውቶቡስ ደርሳ፣ ዘንድሮም ሴቶቹን ስታዝ፣
ችግኙን ተከልን፤ ቅጠሉ ሦስት፣ አራት፣
ከአይጥ ጆሮ ያነሰ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ትንፋሽ የሚያሰጋው ሕይወት።
ጨርቁን ዘረጋነው፣ ጠርዙን በአፈር ተጫንነው፤
ነፋሱ ገባበት፤ ማሳው ተነፋ፣ ተመልሶ ተኛ፣ እንደሚተነፍስ ሰው።
«እትዬ ጌርሊንደ» አለች ዶይና፣ «ይቺ ትቀደዳለች።»
«አውቃለሁ» አልኳት። ድንጋይ ለቅማ መጥታ ዳር ዳሩን ደረደረች።

ከዚያ ያ ሌሊት መጣ።
ሰማዩ ደመናውን ገፎ በጥርሱ ሲያፏጭ፣
ከዜሮ በታች ስድስት፤ በራይን ዳር ሜዳ እንደ ዱቄት ተነዛ ውርጭ።
አልተኛሁም። አንተም አትተኛም ነበር በእንዲህ ያለ ሌሊት፤
ካልሲ ሳታደርግ፣ በአንድ እጅህ ባትሪ፣ በሌላው ሙቀት መለኪያው፣ ያ የተሰነጠቀው፣ ያባትህ ንብረት።
እኔም ወጣሁ።
ሜዳው ነጭ፣ ጨርቁ ነጭ፤ የቱ ውርጭ፣ የቱ ልብስ እንደሆነ
በእጄ ዳስሼ ለየሁት፤ ላዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ሆነ።
ከሥሩ ግን እጄን ስሰድ፣
ለብ ያለ አይባልም። ብርድ ነው። ግን ሌላ ብርድ፤
የሚያሰነብት እንጂ የማይገድል ብርድ።

ጠዋት ስንገልጠው መሐሉ ድኗል፤
በምዕራብ ጠርዝ ግን፣ ጨርቁ በተቀደደበት፣ አራት ረድፍ ጠቁሯል፣
የተቀቀለ ጎመን መስሏል።
ዶይና ወደ ድንጋዮቿ አየች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም።
ፎልከር አንገቱን ደፋ። «ላስቲክ ቢሆን ኖሮ...» አለ፤ አልጨረሰውም።
እኔም አልጨረስኩለትም።

ሚያዝያ ገባ፤ ዝናቡ መጣ፤ ጨርቁ ላላ፣ ነተበ፤
እንደ ሸረሪት ድር ጭቃው ላይ ተጣበቀ፣ ተሸበሸበ።
ጥንቸል ረግጣው አለፈች፤ አራት ቀዳዳ።
ሰላጣው በዚያው ብቅ አለ፣ ወሬ እንደሚጠይቅ ጎረቤት፦ ምን አለ ከሜዳ?
በፋሲካ ሳምንት ቆረጥን፤ ከግንዱ ነጭ ወተት ወጣው፤
ሽፓየር ገበያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ የእኛው ነበር፤ አንዲት ሴት እንደ ሕፃን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣
ከዚያ ዋጋ ተከራከረችኝ።

አሁን ሰኔ ነው። ፎልከር ለሁለተኛው ተከላ ሲያርስ፣ ጨርቁን ፈለግሁት፤
አንድ ብጣሽ አገኘሁ፤ በጣቶቼ መሐል ሳሸው አፈር ሆነብኝ፣ አጣሁት።
ቀጥሎ ያንተዋ ወጣች።
አልቀየምኩህም፣ ኦትማር። ያኔ ተአምር ነበር፤ ዓይናችን በፊት በርቷል፤
በላስቲክህ የዳነው ሰላጣ የፎልከርን የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቷል።
ጠርጌ ባልዲው ውስጥ ጨመርኳት፣ ከእህቶቿ ጋራ።
ባልዲው ሞልቷል። ልጅህን ሌላ ባልዲ አምጣ ብዬዋለሁ፣
ለመጪው ዓመት ደግሞ ጨርቁን ለሁለት ማሳ፤
በምዕራብ በኩል ድርብ።