ለሉባባ፣ ከናይፍ

«የቱ ሰፈር ይበልጣል?» አልሽኝ፣ በድምፅ መልእክት፣ ማታ፣
ያንቺ ጉደይቢያ ወይ የኔ ናይፍ፤ ሳቅሽ ቃልሽን ሲረታ።
መቼም ሰው አውቀሽ ነው የጠየቅሽ፤ ሥራዬ መመዘን ነው፣
ከካርጎ ቤቱ ጥግ፣ ሚዛን ሥር ነው የምውለው።
ብርድ ልብስ፣ የዱቄት ወተት፣ የሕፃን ጫማ፣ ቴሌቪዥን፣
ካርቶኑ ላይ በወፍራም ቀለም እጽፋለሁ ስምና ኪሎውን፤
ደሴ፣ ጅማ፣ ኮምቦልቻ፣ ማን ለማን ምን እንደሚልክ፣
የሰው ዓይን የት እንደሚሸሽ አውቃለሁ፣ ኪሎው ሲያልፍ ከልክ።
እስቲ ሁለቱን ሰፈር ዛሬ ሚዛኑ ላይ ላውጣልሽ፣
እንዳትቀየሚኝ ብቻ፣ እንደወረደ ስነግርሽ።

ያንቺ ሰፈር የሚነቃው በዳቦ ቤቱ ጥፊ፣
ሊጡ ከእሳቱ ግድግዳ ጧ! ሲል፣ «ተሰለፊ»
ይላል ሽታው፤ በላስቲክ ይዤ፣ እጄን እየፈጀኝ፣
ስሮጥ፣ ኡም ጃሲም ከደጇ «ሰባሐል ኸይር» ስትለኝ፣
አንዴ ሳልመልስ ባልፍ ሦስት ቀን ያኮረፈችኝ።

እዚህስ? ጎረቤት ሞልቷል፤ ግን እንደ ሥራ በፈረቃ፣
የታች አልጋዋ ስትተኛ የላይ አልጋዋ ስትነቃ።
ዘጠኝ ነን ባንድ ክፍል፤ ከትብለጥ ጋር ስድስት ወር ኖረን
ፊቷን ያየሁት ለፋሲካ ነው፤
ጫማዋን ግን አውቀዋለሁ፣ ተረከዙ የተበላው።

እናንተ «በራዳ» ትሉታላችሁ፣ እኛ «ባቃላ» እንላለን፣
የኬረላው ሰው ግን ያው ነው፤ ያው ደብተር፣ ያው ዱቤ አለን፤
ጆሮው ላይ እርሳሱን ሰክቶ፣ ገጹን በምራቅ ሲገልጠው፣
ስሜን ያጣምመዋል እንጂ ዕዳዬን አንድ ቀን አልሳተው።
ሐምሌ ላይ የቧንቧው ውሃ እዚያም እዚህም ይፈላል፣
«ቀዝቃዛ» የሚለው ሰማያዊ ምልክት ሁለት አገር ይዋሻል።

ዓርብ ዓርብ አንደሉስ መናፈሻ፣ ሣሩ ላይ ዘርግተን ነጠላ፣
ያንቺን የሙዝ ቺፕስ፣ የኔን ቴምር፣ ድመት ከቦን ስንበላ፤
እዚህ ዓርብ የጭነት ቀን ነው፤ ወገቤ ሳይቀና ይመሻል፣
ሳብካ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ ሻይ ከጠጣሁ፣ ያ ዓርቤ ሆኗል።

ግን ለናይፍ የማደላበት አንድ ነገር አለኝ፤
ማታ ማታ፣ ባንድ ድርሃም፣ ያለምንም ጉዳይ፣ አብራው ሲያሻግረኝ፣
ማዶ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ማንም የት ነበርሽ ሳይለኝ።
ይህን፣ ሉባባ፣ እዚያ ሳለሁ ከቶ አላገኘሁትም፤
ጉደይቢያ ሰው ያውቅሻል፤ ማወቁ ደግሞ አያስተኛውም።

ሲያመኝስ፣ ያኔ በታይፎይድ፣ በሩን ያንኳኳው ማን ነበር?
የኡም ጃሲም የልጅ ልጅ፣ ሾርባ በትሪ ይዞ፣ ሲያፍር።
እዚህስ ማንም አልመጣም ልልሽ ነበር፤ ውሸቴን ነው፤
ትብለጥ ሌሊት ከሥራ ስትገባ፣ ያን ጫማ አውልቃ ይዛው
በባዶ እግሯ ነው ያለፈችው፣ እንቅልፌን እንዳትሰብረው።

ሚዛኑ ቁጥር ሲቀያይር አለቃዬ «እጅሽን አንሺ!» ይለኛል፤
ዛሬም እጄ ላዩ ላይ ነው መሰለኝ፤
አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይላል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፤ መልእክትሽን አምስቴ ሰማሁት፤
ለድምፅሽ እንዳይመስልሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ከኋላሽ ያለውን ነው የፈለግሁት፤
ያ ሊጥ፣ ጧ! ሲል፤ አንድ ሞተር ሳይክል፤ «ያ ወለድ!» የሚል የሴት ጥሪ፤
ኡም ጃሲም ትሆን? ታማ አልነበር? ዳነች እንዴ? ንገሪኝ በፈጣሪ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ፤ ስልኩን በመስኮት አውጥቼዋለሁ፣
የኔን ድምፅ አትጠብቂ፤ እኔ ዝም እላለሁ።
ተሸካሚው ጋሪውን እየገፋ «ጠሪቅ! ጠሪቅ!» ብሎ ይለፍ፤
አዛኑ ካንዱ ሚናራ ወዳንዱ ይቀባበል፤ ይጩህ ናይፍ።
ታች ሱቁ ውስጥ ፕላስተሩ ጭርርር ብሎ በካርቶን ዙሪያ ነጎደ፤
አንድ ደቂቃ ሞላ።
ጣቴን አነሳሁ። ሄደ።